ቅርንጫፍ የተኛበት ገመድ፦ ዛፍ ላይ የደረሰ የአንድ ጉዳት ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአንድ የዛፍ ግረዛ ሥራ ላይ ስለደረሰ ጉዳት ነው። ሰው አልሞተም። የቆሰለው ልጅ ከአምስት ወር በኋላ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ሁለቱ የግራ እጁ ጣቶች ግን ዛሬም እንደ ድሮው አይታጠፉም። በሙያችን ከዚህ የከፋ ነገር በየጊዜው ይደርሳል። ይህኛውን መመዝገብ ያሰኘኝ አንድ ነገር ነው፦ የሚያስፈልገን ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በቦታው ነበር፤ ሆኖም አንድ የቆሰለ ሰው ከዛፍ ላይ ማውረድ አቅቶን ለደቂቃዎች አንጋጠን ቆመን ነበር።

ያን ቀን የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች የሚበዙት የእኔ ናቸው። የሰዎችን ስም፣ ቦታውንና አሠሪውን ትቻለሁ። በጉዳዩ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጽሑፉን አንብበው ተስማምተውበታል፤ የቆሰለው ልጅ ሁለት ቦታ ላይ አርሞኛል።

ሥራው፣ ሰዎቹና ዕቃው

ዛፉ 28 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አሮጌ ባሕር ዛፍ ነው። በአንድ በኩል የደረቁ ቅርንጫፎቹ የሕንፃ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሥራው ደረቁን ማውረድና ከጣሪያው በላይ ያለውን ማሳጠር ነበር፤ ዛፉ ራሱ ይቆያል። የሚቆይ ዛፍ ላይ በጫማ ሹል አይወጣም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሕያው ልጡን ይበሳዋልና። ስለዚህ መውጫው ገመድ ብቻ ነበር። ሰው የሚያነሳ ማሽን ለማስገባት አስበን ነበር፤ በአጥሩና በሕንፃው መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ፣ መሬቱም ለስላሳ ሆኖ ተውነው። ይህ ውሳኔ ትክክል እንደነበር አሁንም አምናለሁ።

አራት ሰዎች ነበርን። ዛፍ ወጪው የ27 ዓመት ወጣት ነው፤ በሙያው ስድስት ዓመት ቆይቷል። እኔ መሬት ላይ ሆኜ ገመድ እይዛለሁ። አንዱ ሠራተኛ የወደቀውን ይጎትታል። አራተኛው ቅርንጫፍ መፍጫው ማሽን ላይ ነበር።

ዕቃችን ደህና ነበር። ዋናው ገመድ 45 ሜትር ርዝመት፣ 13 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከ2,400 ኪሎ በላይ የሚችል ነው። 20 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ጤነኛ ባላ ዞሮ ይወርዳል፤ አንዱ ጫፍ መታጠቂያው ላይ ይታሰራል፣ ሌላኛው ወገን መያዣ ቋጠሮ ውስጥ ያልፋል። መያዣ ቋጠሮ ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን ጨምድዶ የሚይዝ፣ በእጅ ሲጫኑት የሚለቅ ቋጠሮ ነው። ከዋናው ገመድ ሌላ ግንዱን የሚያቅፍ፣ መሐሉ የብረት ሽቦ የሆነ የወገብ ገመድ ነበረው። ካራቢነሮቹ፣ ማለትም ገመዱን ከመታጠቂያው የሚያያይዙት የብረት መንጠቆዎች፣ በራሳቸው የሚቆለፉ፣ ለመክፈት ሦስት የተለያየ እንቅስቃሴ የሚጠይቁ ናቸው። የራስ ቁሩ ባለ አገጭ ማሰሪያ ነው። ሱሪው ውስጡ ረጃጅም ክሮች የተደረደሩበት የመጋዝ ሱሪ ነው፤ ሰንሰለቱ ጨርቁን ሲነካ ክሮቹ ተመዝዘው ማርሹ ላይ ይጠመጠሙና ያንቁታል።

መጋዙ እጀታው ከላይ የሆነ፣ ለዛፍ ላይ ሥራ ብቻ የተሠራ ትንሽ የሞተር መጋዝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መጋዝ ቀላል ነው፤ ዓለም አቀፉ መለኪያ ያለ ምላሱና ያለ ሰንሰለቱ ከ4.3 ኪሎ እንዳይበልጥ ይወስናል። ምላስ የምንለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጠፍጣፋ ብረት ነው። ቀላልነቱ ጥቅሙም ጠንቁም ነው፤ በአንድ እጅ ለመያዝ ይጋብዛል።

የነፍስ አድን ዕቅድም ነበረን። የግማሽ ገጽ ቅጽ ነው። «ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያወርድ» በሚለው መስመር ላይ የእኔ ስም ተጽፏል። እኔ ዛፍ ላይ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። የእኔ መታጠቂያ መኪናው ውስጥ፣ ከነዳጅ ጀሪካኑ ሥር ነበር። ቅጹን ስሞላ ይህ ሁለቱ እውነት አእምሮዬ ውስጥ አልተገናኙም፤ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ሥራ ገባን።

ምን ሆነ

ሁለተኛው ቀን ነው፤ ረፋድ ላይ። ዛፍ ወጪው 16 ሜትር ላይ ሆኖ የክንድ ውፍረት ያለው ደረቅ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ተዘጋጀ። ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ እንዳይወድቅ በግራ እጁ ያዘው፣ በቀኝ እጁ ብቻ መጋዙን አስነስቶ ቆረጠ። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን። ማለት፣ እናደርገው ነበር።

እንጨቱ ውስጡ በስብሶ ስለነበር መጋዙ ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ አለፈ። አልፎም የምላሱ ጫፍ፣ የላይኛው ሩብ፣ ከኋላ የነበረ ጉቶ ነካ። የሚሄድ ሰንሰለት በዚያ ቦታ ጠንካራ ነገር ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ያዡ ይዘላል፤ እኛ ርግጫ እንለዋለን። ሰንሰለቱ በሴኮንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል። ርግጫው ሰው አይቶ እጁን ከሚያነሳበት ጊዜ ይፈጥናል። መጋዙ ግራ ክንዱን ከአንጓው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አገኘው።

የሞተር መጋዞች የፊት መከለያ አላቸው፤ መጋዙ ሲዘል የግራ አንጓ ያንን መከለያ ይመታውና የሰንሰለቱ ፍሬን ይያዛል። የግራ እጅ ግን የፊት እጀታው ላይ ካልሆነ የሚመታው ነገር የለም። ፍሬኑ በርግጫው ኃይል ራሱ የሚያዝበት ሁለተኛ መንገድ አለው፤ ያን ቀን ያዳነው ይህኛው ይመስለኛል። መጋዙን በኋላ ስናየው ፍሬኑ ተይዞ ነበር፤ ልጁ ደግሞ እንዳልነካው ይናገራል። በአንድ እጅ ሲቆረጥ አደጋው የሚጨምረው ጉልበት ስለሚያንስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሁለቱ የፍሬን መንገዶች አንዱን በገዛ እጃችን እንደምናጠፋው የገባኝ ያን ቀን ነው።

ልጁ መጋዙን ለቀቀው፤ መጋዙ በማንጠልጠያው ላይ ተወዛወዘ። ክንዱን ደረቱ ላይ ለጠፈና ጮኸ።

ማንም አልሰማውም። መፍጫው ማሽን እየፈጨ ነበር፣ እኛ ሦስታችን የጆሮ መከላከያ አድርገናል። የጆሮ መከላከያው ግዴታ ነው፤ የሞተር መጋዝም መፍጫውም ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻሉ። ጥፋቱ መከላከያውን ማድረጋችን ላይ አይደለም። ሌላ የመጠራሪያ መንገድ አለማዘጋጀታችን ላይ ነው። መጀመሪያ ያየው ቅርንጫፍ የሚጎትተው ሠራተኛ ነው፤ ቅጠል ላይ የወደቀ ደም አይቶ ቀና አለ።

ዘጠኝ ሜትር ላይ

ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ የምናውቀው ከሕንፃው ካሜራ ነው። በዚያው ቀን ማታ ተጠይቄ «ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው» ብዬ ነበር። ካሜራው ከመጋዙ መወዛወዝ እስከ ልጁ እግር መሬት መንካት ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ይላል።

ሃምሳ ሴኮንድ ሳናየው አለፈ። ማሽኑን ለማጥፋትና ተጠራርቶ ለመሰብሰብ ሌላ አርባ። በዚህ ጊዜ ልጁ በራሱ መውረድ ጀምሯል። የወገብ ገመዱን በአንድ እጅ ፈታ፣ መያዣ ቋጠሮውን ተጫነ። እዚህ ላይ ማንም የማያስተምረው አንድ ጣጣ አለ፦ ጤነኛው እጁ አንድ ነው፤ ወይ ቁስሉን ይጫናል፣ ወይ ቋጠሮውን። ሁለቱን ባንዴ አይችልም። በወረደ ቁጥር ደሙ ይፈስሳል፣ ደሙን ሲይዝ ይቆማል። እንዲህ እየተፈራረቀ ሰባት ሜትር ወረደ።

ዘጠኝ ሜትር ላይ ገመዱ አልሄድ አለ።

ቀና ብዬ ሳይ የገመዱ ጭራ ከመታጠቂያው እስከ መሬት እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ጫፉን በዓይኔ ተከተልኩት። ከሃያ ደቂቃ በፊት ያወረድነው ትልቅ ቅርንጫፍ ገመዱ ላይ ተኝቶበታል። ቅርንጫፉ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ገመዱ ላይ ማረፉንም አይቻለሁ። «ኋላ አነሳዋለሁ» ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ገመዱ!» ይላል ልጁ ከላይ። ድምፁ ቀጭን ሆኗል።

ከእኛ ሁሉ ታናሹ ሠራተኛ የእጅ መጋዝ ይዞ ሮጠ። ጭራውን ከቅርንጫፉ አጠገብ ሊቆርጠው ነው። ለሚያይ ሰው መፍትሔው ያ ይመስላል፤ የተያዘውን ቆርጦ ሰውየውን መልቀቅ። እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ያን ጊዜ በቃል ማስረዳት አልችልም ነበር፤ በኋላ ወረቀት ላይ አሰላነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ገመዱ ባላ ላይ ዞሮ ሁለት ሆኖ ስለሚወርድ ሰውየው አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትር ገመድ በቋጠሮው ውስጥ ያልፋል። ልጁ ዘጠኝ ሜትር ላይ ነው፤ መሬት ለመድረስ 18 ሜትር ገመድ ይፈልጋል። ከቋጠሮው እስከ ቅርንጫፉ ያለው ግን ዘጠኝ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ቢቆረጥ ኖሮ ልጁ አራት ሜትር ተኩል ወርዶ ገመዱ ያልቅበታል። የገመዱ ጫፍ በቋጠሮው ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ልጁ ከቀረው አራት ሜትር ተኩል ይወድቃል። ጫፉ ላይ የሚያቆም ቋጠሮ አልነበረም። የተቆረጠ ጫፍ ላይማ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ቅርንጫፉን ማንሳት ነበረብን። ለሦስት ሰው ይከብዳል። በሞተር መጋዝ ቆራርጦ ማቅለል እንዳይቻል የተወጠረው ገመድ ከሥሩ አለ፤ የተወጠረ ገመድ ሰንሰለት ሲነካው እንደ ክር ነው የሚበጠሰው፣ ስንት ኪሎ ቢችልም። በመጨረሻ አንድ ወፍራም እንጨት ከሥሩ አስገብተን ሁለታችን ስንጫን ሦስተኛው ገመዱን መዘዘው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ፈጀ። በእነዚያ ደቂቃዎች ልጁን «እግርህን አንቀሳቅስ፣ ግንዱን ርገጥ» እያልኩ እጮህ ነበር። መታጠቂያ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ እየተጠራቀመ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ ቋጠሮውን የሚጫን የለም። ከሠራሁት ነገር ትክክል የነበረው ምናልባት ይህ ብቻ ነው።

መሬት ሲደርስ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ነበር፣ መኪናው ተቆልፏል፣ ቁልፉ አጥሩ ላይ የሰቀልኩት ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ሌላ አንድ ደቂቃ። እስኪመጣ በሸሚዜ ጫንኩት። ሳጥኑ ሲመጣ ውስጡ ፕላስተር፣ ጎዝ፣ ያለቀ የአዮዲን ጠርሙስና አንድ ተራ ፋሻ ነበር። የጨርቅ ፕላስተሩ ብዛት ዛሬም ይገርመኛል፤ እሾህ ለወጋው ሰው የተዘጋጀ ሳጥን ነው። በጎዝና በፋሻ አጥብቀን አሰርነው፤ ደሙ ቆመ። አምቡላንስ ከዚያ በኋላ ደረሰ።

በኋላ ያገኘነው

ከሦስት ቀን በኋላ ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው። የወገብ ገመዱ ላይ ከካራቢነሩ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ከሥሩ የብረቱ ሽቦ ያብለጨልጫል። መጋዙ ክንዱን ነክቶ ሲመለስ ገመዱንም ነክቶታል ማለት ነው። የብረት ሽቦ ለእጅ መጋዝ ይቋቋም ይሆናል፤ ለሞተር መጋዝ ዋስትና አይሆንም። በዚያች ቅጽበት ልጁ በሁለት ነገር መያዙ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዛፍ ላይ የሞተር መጋዝ ሲሠራ ሰውየው በሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች እንዲያዝ የአሜሪካው የዛፍ ሥራ ደህንነት መለኪያ ዚ133 ያዛል። ልጁ ይህን ደንብ በደንብነቱ አያውቀውም ነበር፤ የመጀመሪያ አስተማሪው ስላስለመደው ነው የሚያደርገው።

ሱሪው ንጹሕ ነበር። ይህ አሳሰበኝ። ለመከላከያ ካወጣነው ገንዘብ ብዙው እግር ላይ ነው፤ እግር በብዛት የሚጎዳው መሬት ላይ ቆሞ በሚቆርጥ ሰው ዘንድ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ግን መጋዙን ደረቱና ፊቱ አጠገብ ይዞ ነው የሚሠራው፣ እጆቹም እዚያው ናቸው።

ከዚያ ያለፈው ግኝት ስለ ዕቃ አልነበረም። አራት ነገሮች ተደራርበዋል፦ በአንድ እጅ መቁረጥ፣ የማይሰማ ጩኸት፣ ገመድ ላይ የተተወ ቅርንጫፍ፣ የማይወጣ አዳኝ። አንዳቸውም ብቻቸውን ሰባት ደቂቃ አይፈጁም። በእንግሊዝ የሙያው መመሪያ ዛፍ ላይ ሰው ካለ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በቦታው እንዲኖሩ፣ መሬት ካሉት አንዱም ሳይዘገይ ወጥቶ ማውረድ የሚችል፣ ለዚያም ዕቃ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። እኛ አራት ነበርን። በቁጥር ከበቂ በላይ፣ በችሎታ ግን ዛፍ ላይ የነበረው ልጅ ብቻ። እሱን ሊያወርድ የሚችለው ሰው እሱ ራሱ ነበር።

የለወጥነው

መጀመሪያ የለወጥነው በጣም ርካሹን ነው። የእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይ የሚያቆም ቋጠሮ ይታሰራል፤ ያለ እሱ ገመድ አይወጣም። ጭራው መሬት ላይ አይዘረጋም፤ ግንዱ ሥር በከረጢት ይቀመጣል፣ ከረጢቱም ከመውደቂያው ቦታ በተቃራኒ ወገን ይሆናል። ቅርንጫፍ ከወደቀ በኋላ ገመድ ያዡ ጭራውን አንድ ጊዜ ይጎትታል። በነፃ ከመጣ «ነፃ» ይላል፤ ያን ሳይሰማ ዛፍ ወጪው ቀጣዩን አይቆርጥም። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልጠየቀም። ያን ቀን ብናደርገው ኖሮ ልጁ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በፊት መሬት ላይ በነበረ።

የደም ማቆሚያ ከሳጥን ወጥቶ መታጠቂያ ላይ ሄደ። እያንዳንዱ ዛፍ ወጪ በቀኝም በግራም እጅ በሚደረስበት ቦታ፣ በአንድ እጅ የሚጠመጠም የሚለጠጥ የቁስል ፋሻና አንድ ተርኒኬት፣ ማለትም ክንድን ወይም እግርን አጥብቆ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ ይይዛል። ተርኒኬት ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ይህን በወረቀት ከማስተማር ይልቅ ዓይን ጨፍነው በግራ እጃቸው ብቻ እንዲያስሩት አደረግን። መጀመሪያ ቀን ከሰባት ሰው ሁለቱ ብቻ ቻሉ።

ለነፍስ አድን ደግሞ ሁለተኛ ዛፍ ወጪ የሌለበትን ሥራ አንቀበልም። ይህ ገንዘብ አስከፍሎናል፤ ትናንሽ ሥራዎች አምልጠውናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ገመድ በሌላ ባላ ላይ ይሰቀላል፣ የአዳኙ መታጠቂያና ዕቃ ግንዱ ሥር ተዘርግቶ ይጠብቃል። ልምምድም ጀመርን። የመጀመሪያው ልምምድ የአሸዋ ከረጢት ከ12 ሜትር ለማውረድ 24 ደቂቃ ፈጀ፤ በዝምታ ነበር ዕቃ የሰበሰብነው። አራተኛው ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ደረስን። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልወረደም፤ በከረጢት ፈንታ እውነተኛ ሰው ስናደርግ እንዲያውም ጨመረ፤ ሰው ይከብዳል፣ ያማርራል፣ ቅርንጫፍ መሐል ይሰነቀራል። ከረጢት ላይ የሚደረግ ልምምድ ሰውን ያታልላል።

በአንድ እጅ የመቁረጥን ጉዳይ በክልከላ ብቻ አልጀመርነውም። «ለምን ትይዘዋለህ?» ብለን ጠየቅን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እንዳይወድቅ። ስለዚህ የክንድ ውፍረትና ከዚያ በታች ያለው በእጅ መጋዝ እንዲቆረጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው በገመድ ታስሮ እንዲወርድ ወሰንን። ጥሩ የተሳለ የእጅ መጋዝ ደረቅ ቅርንጫፍን ከሚገመተው በላይ ፈጥኖ ይቆርጣል። ግራ እጅ ለመያዝ ምክንያት ካላገኘ ወደ እጀታው ይመለሳል።

ያልሠራልን

የጥያቄ ቅጽ አዘጋጅተን ነበር፤ 32 ጥያቄዎች፣ በየጠዋቱ የሚሞሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም «አዎ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ አንድ ቀን ቅጹ ለሳምንቱ ሙሉ ቀድሞ ተሞልቶ አገኘሁት። ጣልነው። አሁን ሥራ ከመጀመሩ በፊት አራት ጥያቄ በቃል ይጠየቃል፣ ጠያቂውም በየቀኑ ይለዋወጣል፦ አሁን ቢቆስል ማን ይወጣል? በየትኛው ገመድ? ደም ማቆሚያው የት ነው? የመኪናው ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው? አራተኛው ጥያቄ ሁልጊዜ ሰው ያስቃል። እኔን አያስቀኝም።

የራስ ቁር ላይ የሚገጠም የመነጋገሪያ ሬዲዮ ገዛን። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ችግሩ ደግሞ ሰው ወሬ ይጀምርበታል። አንድ ጊዜ ገመድ ያዡ ስለ ኳስ እየተናገረ ሳለ ዛፍ ወጪው «ቁም» ያለው ተዋጠ። ባትሪም ከቀትር በኋላ ያልቃል። ሬዲዮውን አልተውነውም፣ ግን አንተማመንበትም። ፊሽካ ጨመርን፤ አንድ ረጅም ፊሽካ ማለት ሁሉም ማሽን ይጥፋ ማለት ነው። መፍጫው ማሽንም ዛፍ ላይ መጋዝ በሚነሳበት ጊዜ እንዲቆም አደረግን። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፣ አሁን ግን ጸጥታውን ወደውታል።

የመቆረጥ መከላከያ ያለው ጓንትና እጅጌ ሞክረናል። ጓንቱ ውፍረት ስላለው ቋጠሮ ላይ ጣት ይደነዝዛል፣ እጅጌው በሙቀት ላብ ያጥለቀልቃል። ሁለት ሰዎች ያደርጉታል፣ ሌሎቹ አያደርጉም። አላስገደድኩም። ቋጠሮውን በደንብ ያልያዘ እጅም ሌላ አደጋ ነው።

ለሌሎች ቡድኖች የሚተርፍ

የእኛ ዛፍና የእኛ ቡድን የሌላው አይሆንም፤ ሆኖም ሦስት ነገር የትም የሚሠራ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ዕቅድ ላይ የተጻፈን ስም ዛፉ ሥር ቆማችሁ ፈትኑት። «እርሶ ያወርዱታል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁሉም አዎ ይላል፣ እኔም አልኩ። «መታጠቂያዎን ይልበሱና አሥር ሜትር ይውጡ» ማለት ይሻላል። ታላቅን እንዲህ ማዘዝ ይከብዳል። ስለዚህ ታላቁ ራሱ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ገመዱን እንደ ዕቃ ከማየት ይልቅ እንደ መንገድ ተመልከቱት። ዛፍ ላይ ያለው ሰው ወደ መሬት የሚመለስበት መንገድ እሱ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ቅርንጫፍ አይጣልም። ዘጠኝ ሜትር የቀረው ገመድ ስንት ሜትር እንደሚያወርድ መሬት ያለው ሰው ሁሉ ቢያሰላ ኖሮ ታናሹ ሠራተኛ የእጅ መጋዝ ይዞ ባልሮጠ ነበር። እሱን አልወቅሰውም፤ ማንም አልነገረውም። አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር ይህን ስሌት መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጉዳት በኋላ በትዝታ ላይ ብቻ አትፍረዱ። ካሜራው ባይኖር ኖሮ የእኔ «ሁለት ደቂቃ» መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር፣ ከሁለት ደቂቃ ደግሞ ማንም ምንም አይማርም። ካሜራ ከሌለ በዚያው ቀን ሌላ ጤነኛ ሰው እንደገና ማስወጣትና ሰዓት ይዞ መድገም ይቻላል። እኛ በኋላ ደግመነዋል፤ ቅርንጫፉን ለማንሳት ብቻ ከሦስት ደቂቃ በታች መውረድ አልቻልንም፣ ሁላችንም ምን እንደምናደርግ እያወቅን።

ዕቃ ስለ መመርመር ብዙ አልልም፤ በየጊዜው ይታይ፣ የሚታይበት ቀን ይጻፍ፣ የተጠረጠረ ይጣል። የተቀደደውን የወገብ ገመድ ለማሳያ አስቀርተን፣ በስህተት ማንም እንዳይታጠቀው ሁለት ቦታ ቆርጠነዋል።

አሁን ያለበት

ልጁ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መሬት ላይ ገመድ በመያዝ አሳለፈ። ዛፍ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ የግራ እጁ ጥንካሬ ስላልተመለሰ የሞተር መጋዙን ዛፍ ላይ ለሌላው ይተዋል፣ እሱ በእጅ መጋዝ ይሠራል። እኔም ልምምድ ላይ መውጣት ጀምሬያለሁ፤ በቅጹ ላይ ስሜ የለም፣ ገና አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ትንፋሼ ያጥራል።

በአንድ እጅ የመቁረጡ ነገር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ዛፍ ወጪ ሲያደርገው ከታች አየሁት። ፊሽካውን ነፋሁ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ልጁ ቁልቁል አየኝ። «ትንሽ ነበር እኮ ጋሼ» አለ። የእጅ መጋዙን በገመድ ላክሁለት።